ማዕበሉ ያልቀነሰበት ቀን

ሐዘንተኛ ከቤቱ አይወጣም፤ ሰው ወደ እሱ ይመጣል እንጂ። መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ግን አንድ ልጃቸውን ዓርብ ቀብረው ቅዳሜ ጧት በመጀመሪያው ጀልባ ከዘጌ ባሕር ዳር ገቡና ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆሙ። ኢንስፔክተር የሺአረግ ወንበር ስባ ብትሰጣቸውም አልተቀመጡም። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እንደ ቆሙ ቀሩ። ጣቶቻቸው ተቧጭረዋል። የሺአረግ ይህን አየች፤ በልቅሶ ላይ ራሳቸውን የጎዱ መሰላትና ዐይኗን ቶሎ መለሰች።

«ሰው ሲዋሽ ታውቃለች ሲሉሽ ሰምቼ መጣሁ» አሉ።

«ሰው ያጋንናል፣ የኔታ። ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም። ልጄን ማን እንደ ገደላት ንገሪኝ። ይታሰርልኝ አልልም፣ ካሳም አልሻም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው። ስታገኚው ከሰው ሁሉ በፊት ለእኔ ንገሪኝ።»

የሺአረግ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሟች ቤተሰብ ቃል አልገባችም። ቃል መግባት ለመርማሪ የማይከፈል ዕዳ ነው እያለች አዲስ ፖሊሶችን የምትቆጣውም እሷ ናት። የዚያን ዕለት ግን አፏ ቀደማት።

«እነግርዎታለሁ» አለች።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ።

ሳጅን ይትባረክ ዶሴውን ከፊቷ አኖረ። ለእሱ ነገሩ አልቋል። ማኅሌት ጥዑመ ልሳን፣ የሃያ ሰባት ዓመት የኮሌጅ መምህርት፣ በአባቷ ቤት ፊት ለፊት ሐይቁ ውስጥ የሚበቅለውን ሣር ስታጠና ቆይታለች። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀልባ ነጂው አስናቀ እዚያ አድርሷታል። አመሻሹ ላይ ለመለኪያ ከተተከሉት ሦስት ብረቶች በመካከለኛው አጠገብ፣ ማጅራቷ ተፈንክቶ፣ ውሃው ላይ ተገኘች። የመንሳፈፊያ ጃኬቷ የተገኘው በአስናቀ ጀልባ ውስጥ ነው። አስናቀም ሲያዝ «ጥፋተኛ ነኝ» ብሏል።

«ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል» አለ ይትባረክ። «ያመነ ሰው ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?»

«በምን መታኋት አለ?»

«እሱን አልተናገረም። በመቅዘፊያው ይሆናላ።»

«መቅዘፊያው እንጨት ነው፤ ሐኪሙ ግን ቁስሉ ውስጥ ዝገት አገኘሁ ብሎ ጽፏል። አንተ ዶሴ ከመዝጋትህ በፊት ማንበብ ብትጀምር ምን ይመስልሃል?»

ይትባረክ ጆሮው ቀላ።

አስናቀ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ከዘጌ ባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሰው በማመላለስ ይኖራል። ማኅሌትን ትምህርት ቤት ያመላለሳትም እሱ ነበር። የሺአረግ ከፊቱ ስትቀመጥ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«የት አወረድሃት?»

«ከውጭው ብረት ዘንድ። ታንኳዋ እዚያ ታስራ ትውላለች። እኔ ከዚያ ወዲያ አላልፍም፤ ሣሩ ሞተሩ ላይ እየተጠመጠመ ያስቸግራል። ወደ ታንኳዋ ተሻገረች፣ እኔ ተመለስሁ።»

«ጃኬቷንስ?»

«ሁልጊዜም ትታው ነው የምትሄድ። ሣሩ ውስጥ ማዕበል የለም ትለኛለች። እውነቷንም ነው፤ ውጭው ሲናወጥ እሷ ያለችበት እንደ ገበቴ ውሃ ነው።»

«ታዲያ ጥፋትህ ምንድን ነው?»

«ጥፋተኛ ነኝ አልሁ አይደል? ጻፉት።»

«እሺ፣ ይጻፋል። በመንገድ ላይ ምን ምን አወራችሁ?»

አስናቀ ድንገት ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። «ስለ ሠርጓ» አለ። የሺአረግ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች። ነፍሰ ገዳይ ካመነ እንዴት እንዳደረገው ይዘረዝራል። ይህ ሰው ጥፋቱን ብቻ ይዞ፣ ሥራውን አንድም ሳይናገር ተቀምጧል። ምን ሠራህ ሲሉት ሳይሆን ምን አወራህ ሲሉት ነው የተሰበረው። ይህን ልብ አለች።

ከጣቢያው ቀጥታ ፋሲሎ ሰፈር ወደ ሕዝቅኤል ቤት ሄደች። ሕዝቅኤል የማኅሌት ባልደረባና እጮኛ ነው፤ የሐዋሳ ልጅ። ሠርጋቸው ለግንቦት የመጀመሪያው እሑድ ተቆርጦ ነበር። የሙሽራ ሱፉ ከነላስቲኩ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ወጣቱ እንግዳዋን ሲያስገባ ሱፉን በጀርባው ለመከለል ሞከረ፤ የሺአረግም እንዳላየች ሆነች።

«ማስታወሻ ደብተሯን ለፖሊስ የሰጠኸው አንተ ነህ?»

«አዎ። መካከለኛው ብረት ላይ በሲባጎ ታስሮ ነበር። እሷን ስንፈልግ ውሃው ውስጥ ገብቼ ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ እርሳስ ውሃ አይፈራም። በየገጹ ቀንና ሦስት ቁጥር ሰፍሯል፤ የውጭው ብረት አርባ፣ የመካከለኛው አሥራ ስምንት፣ የዳሩ ስድስት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የማዕበሉ ቁመት፣ በሳንቲሜትር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ነው የምትለካው። ሣሩ ውስጥ በገባ ቁጥር ማዕበሉ ይቀንሳል።»

«ሣር? እንዲያ የሚልመሰመስ ሣር?»

«ስለሚልመሰመስ እኮ ነው!» ሕዝቅኤል ለአፍታ ሐዘኑን ረሳው። «ግትር ቢሆን ይሰበር ነበር። ማዕበሉ ሲመጣ አብሮት ይተኛል፣ ሲመለስም አብሮት ይመለሳል። እያንዳንዱ ቅጠል በተወዛወዘ ቁጥር ከጉልበቱ ትንሽ ትንሽ ይወስድበታል። ዳር ሲደርስ ማዕበሉ ደክሞታል። ማኅሌት ‹ሣሩ እማዬን ይመስላል› ትል ነበር። የኔታ ከደጅ ተቆጥተው ሲገቡ እናቷ ‹እሺ፣ እሺ› እያሉ ጎንበስ ይላሉ፤ ቁጣው ምድጃው ጋ ሳይደርስ ያልቃል ትላለች።» ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም።

«የመጨረሻው ገጽ ከፋሲካ በፊት የተጻፈ ነው። ሐሙስ ምንም አልጻፈችም?»

«አልደረሰችም ይሆናላ።»

የሺአረግ ደብተሩ የተሰፋበትን ክር በጥፍሯ ነካ አደረገችው። ክሩ ሥር የተቀደደ ወረቀት ጥራጊ ተሰክቷል። ሕዝቅኤል አየው፤ እሷም ማየቱን አየች።

«ረቡዕ ማታ በስልክ ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል። ሥራዋን ከፋሲካ በፊት ጨርሳ ነበር፤ ለቤተሰቦቿም ጨረስኩ ብላቸዋለች። እኔ ነኝ ጥናቱ እንዲጠነክር አንድ ከሰዓት ብቻ ጨምሪ ያልኳት። ‹ሙሽራ ነኝ እኮ፣ ተወኝ› አለችኝ። አልተውኳትም።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሺአረግና ይትባረክ ዘጌ ዳር በማኅሌት ታንኳ ላይ ነበሩ። የሺአረግ የሐይቅ ዳር ልጅ ናት፤ አባቷ በታንኳ እንጨት ሲያመላልሱ ነው ያሳደጓት። ይትባረክ ግን ዋና አይችልም። ታንኳው የተሠራበትን ደንገል በሁለት እጁ አንቆ ይዞ የማያውቀውን ታቦት ሁሉ እየጠራ ነበር።

ነፋሱ ተነሳ። የውጭው ብረት ላይ ማዕበሉ ሠላሳ ስምንት ነካ። መካከለኛው ጋ ሲደርሱ የሺአረግ አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ጠበቀች። ታንኳው ግን ከኋላ ተመትቶ ዘለለ፣ ይትባረክም ጮኸ። ብረቱ ላይ ያለው ምልክት ሠላሳ ስድስት ይላል።

«አልቀነሰም» አለች ለራሷ።

ቁጥሩን ለማንበብ ፊትን ወደ ዳር፣ ጀርባን ወደ ሐይቁ መስጠት ግድ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በረጋ ውሃ ላይ ቆማ ያነበበች ልጅ ከኋላዋ ምን ይመጣብኛል ብላ ትዞራለች? የዛገው ብረት ደግሞ አጠገቧ ነው። የሺአረግ እጇን እስከ ትከሻዋ ውሃ ውስጥ አገባች። በግራ በኩል ረጃጅሙ ቅጠል ወዲያና ወዲህ እያለ ክንዷን ደባበሳት። በቀኝ በኩል ግን ያገኘችው ቅጠል ሳይሆን በስለት እኩል የተቆረጠ ጉቶ ነው።

መቅዘፊያዋን ወደ ታች እየሰደደች የተቆረጠውን ተከተለች። ሐይቁ ድፍርስ ነውና ከላይ ለሚያይ ምንም አይታይም። መቅዘፊያው ግን ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ፣ በገመድ የተለካ ያህል ቀጥ ያለ መንገድ አገኘ። መነሻው የውጭው ብረት ነው፤ መካከለኛውን ታክኮ ያልፋል። መድረሻው መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ደጅ ካለችው ወርካ ሥር፣ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ነው።

«ልጅቷን ሊጎዳ የፈለገ ሰው ነው የቆረጠው» አለ ይትባረክ።

«ሊጎዳት የፈለገ ሰው ብረቱ ዙሪያ ቆርጦ ይሄድ ነበር። ይህን ሁሉ ለመቁረጥ አንድ ሰው ቢያንስ ሦስት አራት ጧት ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ መቆም አለበት።» ወደ መሪጌታ አጥር ጥግ ጠቆመችው። የታጨደው ሣር በእስር በእስር ተደርድሮ እየደረቀ ነው። እያንዳንዱ እስር ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወትፏል። «ለክፋት ያጨደ ሰው አስሮ፣ ደርድሮ አያስቀምጥም።»

ያን ጊዜ የመሪጌታ የተቧጨሩ ጣቶች ትዝ አሏት። ገብቷት ነበር። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ነገር ሲገባት ደስ ይላት ነበር፤ ያን ቀን ግን ምነው ባልገባኝ አለች።

ለቀስተኛው ሁሉ ዳሱ ውስጥ ከመሪጌታ ጋር ነው። የማኅሌትን እናት ወይዘሮ አገርነሽን ማድ ቤት ብቻቸውን አገኘቻቸው። ግድግዳው ጥላሸት የጠገበ ነው፤ ከአንድ ችንካር ሥር ብቻ ጥላሸት ያልነካው፣ የማጭድ ቅርጽ ያለው ቦታ ነጥቶ ይታያል።

«እትዬ አገርነሽ፣ ማጭዳችሁ የት ሄደ?»

«ጠፋ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ። አይ… ረቡዕ።»

«የኔታ ሰሞኑን ጧት ጧት የት ነበሩ?»

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ። ሌላ የት ይሄዳሉ?» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ የሐይቅ ዳር ልጅ ነሽ፤ ታውቂያለሽ። የዘጌ ሰው ዛፍ አይቆርጥም፤ ግዝት ነው። እሳቸው ደግሞ ቅርንጫፍ የቀነጠሰ ልጅ ካዩ ቀኑን ሙሉ ሲገሥጹ የሚውሉ ሰው ናቸው። የውሃውን ሣር ግን ከሣርም የቆጠረው የለ። ‹የሠርጉ ጀልባዎች ሣር ይዟቸው ሙሽራዬ መሐል ላይ ልትቆም ነው? አባቴ ለእኅቴ እንደጠረገላት እኔም ለልጄ እጠርጋለሁ› አሉኝ። ሥራዋን ጨርሳለች ብለን ነው እኮ! ሕዝቅኤል የዚያን ዕለት ከውሃው ወጥቶ ማጭዱን ሲያይ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ጎትቼ ጠየቅሁት፣ ነገረኝ። ማጭዱን ቀበርሁት።»

«የኔታ አያውቁም?»

«አያውቁም! እንዳትነግሪያቸው።» የየሺአረግን ክንድ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄን ሐይቁ ወሰደብኝ፤ ባሌን አንቺ አትውሰጂብኝ።»

«አስናቀስ? ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እሱስ የሰው ልጅ አይደለም?»

ወይዘሮ አገርነሽ እያለቀሱ ያዩዋት ጀመር። የሺአረግም አብራቸው አለቀሰች፤ ከሃያ ዓመት ወዲህ በሥራ ላይ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው።

እሑድ ሰልስት ወጣ። እንግዳው ሲበተን ቤቱ ውስጥ መሪጌታ፣ ወይዘሮ አገርነሽ፣ ሕዝቅኤል፣ ይትባረክና ያለ ካቴና የመጣው አስናቀ ቀሩ። የሺአረግ ለመናገር ተነሳች።

«የኔታ፣ ስለ አስናቀ ብቻ ተናግሬ ልሂድ? ንጹሕ ነው። ቁስሉ ውስጥ የነበረው ዝገት የብረቱ ነው፤ ወድቃ ነው የተመታችው። ማንም እጁን አላነሳባትም። ይህ አይበቃዎትም?»

«ቃልሽን ሰጥተሽኛል» አሉ ሽማግሌው። «ሦስት ወር ያልወደቀች ልጅ ለምን ወደቀች?»

ወይዘሮ አገርነሽ ዐይናቸውን ጨፈኑ። የሺአረግ ቀስ ብላ ጀመረች።

«ሐይቁ ውስጥ ያለው ሣር ማዕበሉን ያደክመዋል። እሷም ያጠናችው ይህንኑ ነው። በውጭ አርባ የሆነው መካከል ሲደርስ አሥራ ስምንት ነው፤ ለዚህ ነው ጃኬት የማታደርገው። ትናንት ስለካው አልቀነሰም። ሣሩ እዚያ ጋ የለም።»

«ሄዶ የት ደረሰ?»

«ታጭዷል። አስናቀ ይህን ያውቅ ነበር። በዚህ በኩል በየጧቱ ስለሚያልፍ የሚያጭደውን ሰው አይቷል። ጥፋተኛ ነኝ ያለው በእጁ ስላጠፋ አይደለም፤ በጀልባው ላይ ስለ ሠርጓ ሲያወሩ ዝም ስላለ ነው። ሕዝቅኤልም ያውቃል። ሐሙስ ማታ ውሃው ውስጥ ሲቆም ጉቶው እግሩን ወግቶታል፤ ከደብተሯም አንድ ገጽ ቀዷል። ሦስተኛውም ሰው…» ወደ ወይዘሮዋ አላየችም። «ሦስተኛውም ሰው አንድ ዕቃ ሸሽጓል። ሦስቱ ተማክረው አይደለም፤ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው አንድ ሰው እንዳይጎዳ ብለው ነው የዋሹ። ሰውየው ክፉ አላሰበም። መንገድ ነው የጠረገው።»

ከዚህ በላይ መናገር አልቻለችም፤ አላስፈለጋትምም። መሪጌታ ቀና ብለው የአንዱን ፊት ከሌላው ፊት እያገላበጡ አዩ። ሦስቱም አቀረቀሩ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ጣቶቻቸውን ዘርግተው ጭረቱን እንግዳ ነገር እንደሚያይ ሰው ተመለከቱት።

«አገርነሽ» አሉ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ። «ማጭዴ የት አለ?»

ወይዘሮ አገርነሽ እሪ አሉ።

አስናቀ መሬት ላይ ተደፋ። «የኔታ፣ ማክሰኞ ‹ለማኅሌት እንዳትነግራት፣ የሠርግ ስጦታዬ ነው› ሲሉኝ ቃል ሰጠሁ። ጀልባው ላይ ሳለን አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ደስታዋን ላበላሽባት አልሁና ዋጥሁት!»

«እኔ ነኝ የላክኳት» አለ ሕዝቅኤል። «አልሄድም ብላ ነበር፤ እኔ ነኝ!»

ሁሉም ጥፋቱን ወደ ራሱ ይጎትት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በሽማግሌው ዙሪያ እንደዚያ ሣር እየተጎነበሱ ማዕበሉን ሲያስቀሩላቸው ቆይተው ነበር። አሁን ያጨደቻቸው እሷ እንደሆነች የሺአረግ አወቀች። እውነት መናገሯ ልክ ነው፤ ልቧን ግን ልክ መሆኑ አላስታመመውም።

መሪጌታ አላለቀሱም። «የቀደድኸው ገጽ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«የኔታ፣ ይቅርብዎ።»

«ስጠኝ። የልጄ ጽሕፈት ነው። ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ ነኝ።»

ሕዝቅኤል ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣቸው። መሪጌታ ለተማሪ እንደሚያነቡ ሁሉ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ አነበቡት።

«ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። የውጭው አርባ ሁለት። የመካከለኛው አርባ። ማዕበሉ አልቀነሰም። ምክንያቱ አልገባኝም፤ እንደገና ልለካ። ሣሩን ምን ነካው? ማታ አባዬን ልጠይቀው።»

ወረቀቱን አጥፈው ያዙ። መቋሚያቸውን ትተው ብቻቸውን ወጡ። ሕዝቅኤል ሊከተላቸው ሲነሳ የሺአረግ ክንዱን ይዛ አስቀረችው። በተከፈተው በር ሁሉም ያዩዋቸው ነበር፤ ወርካዋን አልፈው ውሃው አፍ ላይ ቆሙ። የከሰዓቱ ነፋስ ተነስቶ ነበር። ማዕበሉ በጠረጉት መንገድ ቀጥ ብሎ መጥቶ እግራቸውን መታው።

ሽማግሌው ወደ መካከለኛው ብረት እያዩ፣ ልጃቸው እራት ላይ ጠይቃቸው የሚመልሱላት ያህል በለሆሳስ መለሱላት።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። እኔ አጭጄው ነው።»